ብሎን እና ስድስቱ ላፕቶፖች

በቢሮአችን ኮምፒውተር ትጠግን የነበረችው ሴት ብሎን ትባል ነበር። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ይሁን እንጂ በሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ትንንሽ ብሎኖች ዘወትር ስለሚንቃጨሉ፣ ደረጃውን ስትወጣም ከእርሷ ቀድሞ የሚሰማው የእነርሱ ድምፅ ስለ ሆነ፣ ቅጽል ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይጠጋል። ቀጭን ናት፤ ትከሻዋ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ነው፤ ስትናገር የሚያናግራትን ሰው ሳይሆን የያዘችውን ካቻቢቴ ታያለች። እኔ የዚያው ቢሮ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ፤ ነዳፊዎቹ ጋሼ ቁልፍ ይሉኝ ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ በመሆኑ የሰው ታሪክ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ብዕር ያነሣሁት፣ ከዚህ ቀደም ስለዚህች ሴት በእጄ የጻፍሁት አንድ ወረቀት ስላለ፣ እርሱ ብቻ ተጽፎ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ነው።

ቢሮአችን የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። ነዳፊዎቹ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረን ቤት በኮምፒውተር ላይ ያቆሙታል፤ ባለቤቱን በበሩ አስገብተው፣ በደረጃው አውጥተው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያሳዩታል። ይህን የመሰለ ሥዕል ለማንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ምስሉን እያሰላ ወደ ስክሪኑ የሚልከው እርሱ ነው። ካርዱ ደካማ ከሆነ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ደረጃው ይቆራረጣል፣ ባለቤቱም ገና ያልሠራው ቤት የፈረሰበት ይመስለዋል።

የብሎን ክፍል ደረጃው ሥር ነው። ረጅም ሰው አንገቱን ሳይሰብር አይገባበትም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚተጣጠፍ መብራት፣ በምስማር የተንጠለጠሉ ገመዶችና ክዳናቸው የጠፋ የብስኩት ጣሳዎች አሉበት። በሩን ግን አትዘጋም። ብርድ ቢሆን፣ አቧራ ቢሆን፣ ኮሪደሩ ሲታጠብ ውሃው ወደ ውስጥ ቢገባ እንኳ በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ነው። ከበስተ ኋላዋ ድንገት «እንደምን ዋልሽ» ያላት ሰው ካለ ከመቀመጫዋ ዘልላ ትነሣለች፤ ሁለቱንም እጆቿን ከጠረጴዛው አንሥታ ባዶ መሆናቸውን ታሳያለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ዘበኛው ሳይጠይቃት ቦርሳዋን ትከፍትለታለች።

«እሺ በቃ፣ እትዬ ብሎን፣ ሂጂ፤» ይላታል ዘበኛው። «የምሳ ዕቃሽን ከሚስቴ ፊት ይበልጥ አውቀዋለሁ።»

እርሷ ግን ሥሩን ሳትገለብጥ አትሄድም።

ይህን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አየሁ። ሌላው ይሥቅ ነበር፤ እኔን ግን አላሣቀኝም። ሳይጠየቅ ቦርሳውን የሚከፍት ሰው፣ ከቦርሳው ሌላ የሚደብቅበት ቦታ ያለው ሰው ነው ብዬ አመንሁ። ዕቃ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው እንዲህ ማሰብ ይለምዳል፤ ማንንም ማመን ስለማይችል ቁጥር ያምናል። የእኔም ደንብ ይኸው ነበር። የዕቃው ስም በአንድ ዓምድ፣ ቁጥሩ በሌላ ዓምድ ይሰፍራል፤ ቁጥሩ ከተገናኘ ዕቃው ያው ነው። የፈረንጅ ፊደል ስለማያስደስተኝ በቁጥሩ ፊትና ኋላ የሚመጣውን ፊደል አልመዘግብም ነበር። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላሳሳተኝም።

ነገሩ የተጀመረው ሥራ አስኪያጃችን ስድስቱን ትልልቅ ዴስክቶፖች በላፕቶፕ ለመተካት በወሰነ ጊዜ ነው። ነዳፊዎቹ ሥራቸውን ይዘው ደንበኛው ዘንድ እንዲሄዱ ፈለገ። ያገለገለ ላፕቶፕ እንዲገዛ ታዘዘ፤ መርጦ የመረከቡ ኃላፊነትም ለእኔ ተሰጠ። በዴስክቶፖቹ ውስጥ ያለው ካርድ በመዝገቤ «ግራፊክስ ካርድ፣ 760» ተብሎ ሰፍሯል። ስለዚህ ሻጩን ሰባት መቶ ስልሳ ያለበት ላፕቶፕ ጠየቅሁት።

ብሎን ይህን ሰምታ ወደ ዕቃ ክፍል መጣች። ዕቃ በምሰጥበት መስኮት በኩል ቆመች፤ ወደ ውስጥ ግቢ ብላት እንኳ አትገባም ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት?»

«በይ።»

«የዴስክቶፕ ሰባት መቶ ስልሳና የላፕቶፕ ሰባት መቶ ስልሳ አንድ አይደሉም። በስም ነው የሚመሳሰሉት እንጂ ጉልበታቸው አይገናኝም። ላፕቶፕ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይፈልጉ። ካስፈለገ የማውቀው ነጋዴ አለ።»

የመጨረሻው ቃል ጆሮዬ ላይ ተሰካ። የፊተኛውን ሁሉ አጠፋብኝ።

«ነጋዴው ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምንሽ ነው?»

«ምኔም አይደለም። ከእሱ ዕቃ እገዛለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ካቻቢቴሽን ያዢ። ግዢውን ለእኔ ተዪው።»

እጆቿን ከመስኮቱ ጠርዝ አንሥታ ሄደች።

ስድስቱ ላፕቶፖች መጡ። ቁጥሩን በእያንዳንዳቸው ተለጣፊ ወረቀት ላይ አየሁ፤ ሰባት፣ ስድስት፣ ዜሮ። ፈርሜ ተረከብሁ። በማግሥቱ ብሎን ለጽዳት ወሰደቻቸው፤ ከፍታ አቧራቸውን ጠርጋ፣ የደረቀውን የማቀዝቀዣ ቅባት ቀይራ በሦስተኛው ቀን መለሰች። የወሰደችበትንና የመለሰችበትን ሰዓት ጻፍሁ።

ሳምንታት እንዳለፉ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ዋናው ነዳፊ ጢሞ አጠገቡ ተቀምጧል። ጢሞ የተባለው ጢም ስላለው አይደለም፤ አንድ ወቅት ለማሳደግ ሞክሮ ስላልበቀለለት ነው።

«ጋሼ ቁልፍ፣ ተዋረድሁልዎ፤» አለኝ ጢሞ። «ደንበኛው ፊት ቤቱን ከፈትሁት። ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆመ። ወደፊትም የለም፣ ወደኋላም የለም። ሰውዬው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ይህን ቤት ስገባበትም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ?› አለኝ። ሌላ ቢሮ ሄደ።»

ሥራ አስኪያጁ አልሣቀም። የተረከብሁበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ካርዱ ከድሮው ጋር አንድ ነው ብለው ፈርመዋል። አንድ ከሆነ ድሮ የሚሮጠው ሥዕል ለምን ይቆማል?»

በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ፊርማ የእኔ ብቻ ነበር።

«ስረከባቸው ትክክል ነበሩ፤» አልሁ።

«ከተረከቡ በኋላስ ማን ነካቸው?»

«ብሎን ከፍታቸዋለች።»

ያልሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሐሰትም አልነበረበትም። ሥራ አስኪያጁ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ላፕቶፖቹ በእጄ ሲገቡ ካርዳቸው ትክክለኛው 760 ነበር። ከዚያ በኋላ የከፈተቻቸው ጠጋኟ ብቻ ናት። ካርዶቹን አውጥታ በደካማ ሳትለውጣቸው እንዳልቀረች እጠረጥራለሁ።» ፈረምሁበት። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አስገብቶ፣ ሰኞ ጠዋት ለፖሊስ እንደሚያስተላልፈው፣ እስከዚያ ድረስ ለማንም እንዳልተነፍስ ነገረኝ።

ቤቴ ገብቼ ምግቡ ቀረበ፤ ሳልነካው ገፋሁት። ሚስቴ ምን እንደ ሆንሁ ጠየቀችኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ የነበረውን ነገርኋት።

«ስትሰርቅ አየሃት?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የጻፍኸው?»

«እጠረጥራለሁ ብዬ።»

«አንተ እኔንስ መቼ ትተወኛለህ? ስኳር ባለቀ ቁጥር ጣሳውን ገልብጠህ፣ ከዚያ እኔን ቀና ብለህ ነው የምታየው። የእኔ ዕድል ሆኖ ስኳር ፖሊስ ጣቢያ አያደርስም።»

ተቆጥቼ ከማዕዱ ተነሣሁ።

ቅዳሜ የሚሠራው ግማሽ ቀን ነው። ሰዉ ወጥቶ የዕቃ ክፍሉን ልቆልፍ ስል የብሎኖቹን ድምፅ ሰማሁ። መስኮቱ ላይ አልቆመችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በበሩ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የጠፋው?»

«ምንም አልጠፋም።»

«ትላንት ዘበኛው ቦርሳዬን ፈተሸው።»

«ዘወትር ያየው የለም እንዴ?»

«ዘወትር እኔ ነኝ የማሳየው። ትላንት እሱ ነው የፈተሸው። አልቀለደም። ዓይኔንም አላየኝም።» አንዱን እጇን በሌላው ያዘችው። «ጋሼ፣ ሊመጡብኝ ነው። የሚመጡ ከሆነ ቀድመው እርስዎ ቤቴን ይዩልኝ። አሁን እንሂድ። ያላዩት ጥግ አይቅር።»

እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ያልሁት አዝኜላት አይደለም። ስድስቱን ካርዶች በገዛ እጄ አገኛቸዋለሁ፣ ሰኞም ጭንቀቱ ከእኔ ይወርዳል ብዬ ነው። በመንገድ ላይ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርቼ ተከተልኋት። እርሷ ሦስት ጊዜ ዘወር ብላ መኖሬን አረጋገጠች።

ቤቷ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የሥራ ጠረጴዛ አለ፤ ከወዲያ አልጋ ላይ እናቷ ተቀምጠዋል። እግራቸው አይሄድም። ወንድ ድምፅ ሲሰሙ ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ማነው? ሊወስዷት ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ። የሥራ ባልደረባዬ ናቸው።»

«ያን ጊዜም የመጣው የሥራ ባልደረባ ነው፤» አሉ እናቷ።

ብሎን መብራቱን አበራች፤ ሳልጠይቃትም ነገረችኝ። በሃያ ሦስት ዓመቷ አንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ተቀጥራ ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማራትም፤ በልጅነቷ የቤታቸውን ሬዲዮ ፈታ መልሳ ስትገጥመው ሁለት ብሎን ተርፏት፣ ሬዲዮውም ሠርቶ ነበር። በመጠገኛው ዕቃ መጥፋት ጀመረ። ባልደረባዋ የነበረ ሰው ‹እርሷ በር ዘግታ ነው የምትሠራው› ብሎ ተናገረ። ዐሥራ አንድ ቀን ታሰረች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ወሳጁ የባለቤቱ ወንድም ሆኖ ተገኘና ለቀቋት። ‹ይቅርታ› ያላት የለም። አባቷ በዚያ ሳምንት ታመሙ፤ ከአልጋም አልተነሡ።

«ከዚያ ወዲህ በር አልዘጋም፤» አለች። «አሁን ይፈልጉ፣ ጋሼ።»

ፈለግሁ። ቁም ሣጥኑን ከፈትሁ፤ የድስቶቹን ውስጥ አየሁ፤ እናቲቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉብኝ ከትራሳቸው ሥር እንኳ እጄን ሰደድሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ነበር፤ ስስበው ከበደኝ። ውስጡ ካርዶች ሞልተዋል። እያንዳንዱ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ።

«ይኸው!» አልሁ አንዱን አንሥቼ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

«የሞቱ ናቸው፤» አለች ብሎን ቀስ ብላ። «መለዋወጫ አወጣባቸዋለሁ። ያነሡት እንዲያውም የዴስክቶፕ ሰባት መቶ ስልሳ ነው። ተቃጥሏል፤ ያሽትቱት።»

በእጄ መዘንሁት። ጡብ ያህላል። ሁለት ማራገቢያ አለው፤ በማራገቢያዎቹ ሥር ወፍራም የብረት ማቀዝቀዣ ተደርድሯል፤ በጫፉ ለብቻው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ይህን ቁጥር በመዝገቤ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ዕቃውን ግን ከኮምፒውተሩ ሆድ ወጥቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ትዝ አለኝ። ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከዚህ ካርድ ይሳሳል።

«ይህ ላፕቶፕ ውስጥ እንዴት ይገባል?» አልኋት።

«አይገባም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ለምን እንደ ጠየቅሁ ገብቷት መሰለኝ። «ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው፤» አለች። «ይምጡ ላሳይዎት።»

ወደ ቢሮው ተመለስን። ከድሮዎቹ ዴስክቶፖች አንዱ ገና ከደረጃው ሥር አልተነሣም ነበር። ላፕቶፑን እኔ መረጥሁ፤ ሥዕሉንም እኔ መረጥሁ፤ ጢሞ የተዋረደበትን ቤት። እርሷ እንዳትመርጥ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ቤቱን በሁለቱም ላይ ከፈተችው። ዴስክቶፑ ማራገቢያው እንደ ዝናብ እየጮኸ በደረጃው ሽቅብ ወጣ፤ አልተደናቀፈም። ላፕቶፑ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመ፤ ዘለለ፤ እንደገና ቆመ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ሥዕል ጨርሰው እንዲያወጡ አዘዘቻቸው። በእጅ ሰዓቴ ያዝሁ። ዴስክቶፑ በአራት ደቂቃ ጨረሰ፤ ላፕቶፑ ዘጠኝ ደቂቃ ሲሞላው ገና ነበር።

«ለምን?» አልኋት።

«የዴስክቶፑ መቶ ሰባ ዋት ይበላል። የላፕቶፑ ሃምሳ አምስት። ይህን ሁሉ እሳት ጭን ላይ ማስቀመጥ አይቻልማ። በዚያ ላይ በዴስክቶፑ ውስጥ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ የሚበልጡ ጥቃቅን አስሊዎች አሉ፤ በላፕቶፑ ስምንት መቶ አይሞሉም። ከሚሞሪው የሚቀበልበት መንገድም ግማሽ ነው። ከፋብሪካው የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው፣ ጋሼ። ማንም አልቀነሰበትም።»

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣሳ ክዳን ላይ ደረደረች፤ ማቀዝቀዣውን አነሣች። እኔ ሌላ ካርድ ስጠብቅ ያየሁት የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ጥቁር መስታወት የመሰለ ነገር ነው፤ በዋናው ሰሌዳ ላይ ተበይዷል። ካቻቢቴ የሚገባበት ቦታ የለውም። የሚነቀል ካርድ የለም።

«በእሳት አይነቀልም?» አልሁ። እስከ መጨረሻው ተጠራጠርሁ።

«እኔ በሌለኝ ማሽን ይነቀላል። ቢነቀልም ምልክት ይተዋል።» አጉሊ መነጽሯን ሰጠችኝ። «ይዩት።»

አጎነበስሁ። ብየዳው ንጹሕ ነበር፤ በዙሪያው ያለው የፋብሪካ ሙጫም አልተነካም። ሌሎቹን አምስቱንም አስከፈትኋት። ሁሉም እንዲሁ ነበሩ። ከዚያ በተለጣፊው ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ኋላ ያለችውን ፊደል አሳየችኝ፤ ካርዱ የላፕቶፕ መሆኑን የምትናገረው እርሷ ነበረች። እኔ በምመዘግብበት ዓምድ ላይ ቦታ ያልነበራት ፊደል ናት።

የተሰረቀ ነገር አልነበረም። የነበረው የእኔ ፊርማ ነው። ዝም ብል ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ሰኞ ወረቀቱ ይሄዳል፤ እርሷ ትሄዳለች፤ እናቲቱ ከመጋረጃው ወዲያ ብቻቸውን ይቀራሉ።

«ጋሼ፣ ስለ እኔ የጻፈ ሰው አለ?» አለችኝ። ካቻቢቴውን አይደለም ያየችው፤ እኔን ነው።

«አለ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኋት።

አልጮኸችም። የያዘችውን አስቀምጣ ቀስ ብላ በእኔና በግድግዳው መካከል አለፈችና ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ሆና፣ «እባክዎ ይውጡልኝ፤» አለች። «ብቻዬን ከእርስዎ ጋር አልሆንም።» ሰው እኔን እንዲህ ሲፈራኝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ደረስሁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቴን በሸኚ ደብዳቤ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ያየሁትን ሁሉ ነገርሁትና ወረቀቱ እንዲመለስልኝ ጠየቅሁ።

«የገባ ወረቀት አይመለስም፤» አለኝ።

«እንግዲያው ሌላ ልጻፍ።»

«ሌላ ከጻፉ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት። ያስተውሉት። ስድስት ላፕቶፕ ነው፤ ቢሮው ደንበኛ አጥቷል። ለጡረታዎ ስንት ቀርቶዎታል?»

«ሁለት ዓመት።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን አስጨነቀዎት? ፖሊስ ራሱ ያጣራዋል። ንጹሕ ከሆነች ይለቅቋታል።»

ሳይፈቀድልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሰውየው ያቀረበልኝ መውጫ ነበር፤ በሩንም አይቼዋለሁ። ዐሥራ አንድ ቀንም ይሁን ሦስት ቀን፣ ከዚያ ‹ይለቅቋታል›። እስክሪብቶውን ያዝሁ፤ የፊተኛውን መስመር ሰርዤ እንደገና ጀመርሁ፦ «ጠጋኟ ያጠፋችው ነገር የለም። የላፕቶፕ ካርድ ከዴስክቶፕ ካርድ ጋር በቁጥር ብቻ እንደማይወዳደር አስቀድማ ነግራኛለች። አልሰማኋትም። ያለ ዕውቀት መርጬ የተረከብሁት፣ ያለ ማስረጃም የጠረጠርሁት እኔ ነኝ።» ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ጢሞንና ብሎንን አስጠራ። እርሷ በእነርሱ ፊት የቅዳሜውን ሁሉ ደግማ አሳየች፤ ስትናገር ድምፅዋ አልተሰማም ማለት ይቻላል። ጢሞ ሁለቱን ስክሪኖች አይቶ፣ «እኔስ ነዳፊ ነኝ ባይ፣ ይህን ሳላውቅ ደንበኛ ፊት የቆምሁ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሸኚው ደብዳቤ ተቀደደ። እኔ በዚያው ሳምንት የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ አስረከብሁ፤ አሁን የምሠራው የቆዩ ንድፎች በሚቀመጡበት ክፍል ነው። አልተበደልሁም።

ብሎን ግን አልቆየችም። ወር ሳይሞላ መልቀቂያ አስገባች። ሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ልጨምርልሽ አላት፤ ጢሞም፣ «ማን ይጠግንልናል? እኔ ብሎን ስፈታ ጣቴን ነው የምፈታው» ብሎ ለመናት። የሰጠችው መልስ አጭር ነበር። «እዚህ ሕንፃ ውስጥ እግር በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል፤» አለች። ከቤቷ ሆና ለመጠገን ወሰነች።

ስትለቅ በእጇ የቢሮው ንብረት እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋት ነበር። አዲሱ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ፈረመ፤ የቀድሞው ስለ ሆንሁ እኔም እንድፈርም ተጠራሁ። ከፊርማዬ በላይ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ «በዐሥራ አንድ ዓመት አንድም ዕቃ በእጇ አልጎደለም» የሚል መስመር ጨመርሁ። ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበትና ሰጠቻት። ብሎን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን ፊት ዘረጋችው፤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ ተመለሰች።

«ማኅተሙ ደብዝዟል። ይደገምልኝ።»

«ይነበባል እኮ፣ እትዬ ብሎን፤» አለች ጸሐፊዋ።

«ለአንቺ ይነበባል።»

ጸሐፊዋ ማኅተሙን ቀለም አጥቅሳ ጠንከር አድርጋ መታችው። ብሎን ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። በአጠገቧ ማለፍ ነበረብኝ፤ እንዳላስደነግጣት ብዬ ከሩቅ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ወረቀቱን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው፤ እስካልፍም ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።